የመልከጸዴቅ ሸራ

«ምስኪን፣ አንድ ሰው እንኳ አጠገቡ ሳይኖር ሄደ» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አጉል ጸባይ ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ አይደል? ድሮስ ብቻውን ባሕር ላይ ምን አስኬደው?» አለች ሌላዋ።

ባየሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ሁሉንም ሰማች። አሜሪካ፣ ሬንተን ከተማ ባለው ቤቷ ለወንድሟ ለመልከጸዴቅ ለቅሶ ከተቀመጠች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሞቱንስ ትችለዋለች፣ ሞት ያላንኳኳው ደጅ የለም። መልከጸዴቅ ምስኪን ተብሎ እንዲሸኝ ግን አትፈቅድም። ደግሞ ስለ ብቸኝነቱ የሚያንሾካሹኩት እሷን ለአፍታ እንኳ ብቻዋን የማይተዉ ሰዎች ናቸው። ሐዘንተኛ ለብቻዋ አትተውም ተብሎ፣ መታጠቢያ ቤት ስትገባ እንኳ ጎረቤቷ ሶፍያ በር ላይ ቆማ ትጠብቃታለች።

እናታቸው ስትሞት መልከጸዴቅ ገና ዳዴ ይል ነበር፤ ያሳደገችው ባየሽ ናት። እሷ ልብስ እየሰፋች ስታድር፣ እሱ ከእግሯ ሥር ተቀምጦ መርፌ መያዝ ተማረ። ኋላ ምጽዋ ወርዶ ባሕር ኃይል ገባ፤ ከዚያ ስደት፣ ከስደት አሜሪካ። እዚህም አውሮፕላን ፋብሪካ እየሠራ፣ በእረፍት ቀኑ አንዲት አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ በገዛ እጁ አደሰ። አትላንታ ላይ ኦሎምፒክ በነበረበት ሰመር ሀዋይ ድረስ በእሷ ብቻውን ሄዶ ብቻውን ተመለሰ።

ሊሄድ ሰሞን የባየሽ ወጥ ቤት ውስጥ የወንበር እግር ላይ ገመድ ይቋጥርና ይፈታ ነበር።

«ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም አሉ» አለችው።

ሳቀ። «መቅደም ማን ፈለገ እትዬ? መድረስ ነው የምፈልገው። ነይ ይኼን ቋጠሮ ላሳይሽ። በአንድ እጅ ነው የሚታሰረው።»

«ሌላው እጅህን አሞታል?»

«ሌላው ጀልባዋን ይይዛል። ማዕበል ሲመታሽ ካልያዝሽ ትወድቂያለሽ፤ የሚያነሳሽ የለም።»

«ችግር ቢመጣስ? ማንን ኮል ታደርጋለህ?»

«ማንንም። ራሴ የገባሁበትን ራሴ እወጣዋለሁ።»

እየተነጫነጨች ተማረች። እስኪሆንላት ድረስ አልለቀቃትም። ሀዋይ ደርሶ ሲደውል ድምፁን ሰምታ፣ ስልኩን እንደያዘች እልል አለች። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ባሕር ይበላዋል የተባለው ሰው በሰላም ተመልሶ፣ በገዛ አልጋው ላይ እንደተኛ ልቡ ቆመ።

በሠልስቱ ቤቱ ሞልቶ ወንዶቹ ጓሮ ወጡ። ወዲያው ዝናብ ጀመረ።

«የእድሩ ድንኳን ሌላ ለቅሶ ላይ ነው። ምን ይሻላል?» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ መንግሥቴ።

ባየሽ ከፍራሹ ተነሣች። «ጋራዥ ውስጥ የመልከጸዴቅ ሸራ አለ። እሱን ዘርጉት።»

«የሟች ዕቃ እኮ ነው፣ ባየሽ።»

«አገር ቤት የጀግና ለቅሶ ላይ ፈረሱ ከነጌጡ ይወጣ የለም? የሱ ፈረስ ይኼ ነው።»

ሸራው በጋራዡና በአጥሩ መካከል ሲወጠር፣ መሀሉ ላይ ክንድ የሚያህል ቀዳዳ ተጥፎ ታየ። ጋሽ መንግሥቴ ቀና ብለው ስፌቱን መረመሩ።

«ማን ሰፋው?»

«እሱ ነዋ። መሀል ባሕር ላይ ነፋስ ቀደደበት። እየተንገላታ ሰፍቶ፣ መልሶ ሰቅሎት መጣ። ማንንም አልጠራም» አለች ባየሽ። «ስፌቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ መንግሥቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንዲህ ያለ ሰው መሀላችን ኖሮ አላወቅነውም» አሉ። ምስኪን ስትል የነበረችው ሴትም በሩ ላይ ቆማ ስፌቱን ታይ ነበር። ባየሽ ደረቷ በኩራት ሞላ፤ ካለቀሰችው ሁሉ ይልቅ ይህ አሳረፋት።

በዚያው ነፋስ መጣና በአጥሩ በኩል ያለው የሸራው ጫፍ ተፈታ። ሁለት ወንዶች ቢያስሩት ደግሞ ተፈታ። ባየሽ ወደ ዝናቡ ወጣች።

«እትዬ ባየሽ፣ ይቆዩ፣ እኔ ልያዝልዎት» አለች ሶፍያ ተከትላት።

«ተይኝ፣ ብቻዬን» አለች።

በግራ እጇ አጥሩን ጨበጠች። በቀኟ ገመዱን አዞረች፣ አሾለከች፣ ሳበች። ነፋሱ ሸራውን ነፋው፤ ቋጠሮው ያዘ። አጥሩን የጨበጠውን እጇን ግን ብዙ ቆይታም አልለቀቀችም።