ቆሞ የሚሠራ ሞተር

ሰባት ቁጥር የኮንክሪት ሚክሰር ሞተሩ ነክሶ፣ አልዞር ብሎ መንገድ ዳር ቀጥ ባለበት ዕለት፣ መኪናው ገና ተጎትቶ ግቢ ሳይገባ ጥፋተኛው ተገኝቶ ነበር። ሹፌሩ ነዋ። በዚያ ድርጅት ጥፋት ከቢሮ ይነሳና ደረጃ በደረጃ እየወረደ የመጨረሻው ሰው ላይ ይጠራቀማል። ከሹፌር በታች ያለው ጎማ ብቻ ነው፤ ጎማ ደግሞ አይከሰስም። "በቸልተኝነት የድርጅቱን ንብረት ማበላሸት" የሚል ወረቀት ተሰጠውና ሐሙስ በሦስት ሰዓት ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብ ታዘዘ። ከተፈረደበት ይባረራል። ጡረታ ሊወጣ የቀረው አንድ ዓመት ከአራት ወር ነበር።

ሹፌሩን ግቢው ሁሉ "ጋሼ ቀስ" ይለዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ማንም ሰው ሲቸኩል አላየውም፤ ምሳውን እንኳ የሚያኝከው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ነው። እዚያው ጋራዥ የምትሠራው መካኒክ የእህቱ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ያሳደጋት እሱ ነው፤ ብሎን መፍታትና ፊደል መቁጠርን በአንድ ክረምት ያስተማራትም እሱ ነው። ሰውየውን ቸልተኛ ብሎ የጻፈውን እጅ ባሰበች ቁጥር ደሟ ይፈላ ነበር።

እጁ የኢንጂነሩ ነው። የጥገና ክፍሉን ከያዘ ወዲህ ሁሉንም ነገር በሠንጠረዥ አድርጎ ግድግዳ ላይ ስለለጠፈ ሠራተኛው "ሠንጠረዥ" ብሎታል። ከሠንጠረዦቹ ሁሉ የሚኮራው በአንዱ ነው፤ "ለማንኛውም መኪና የሞተር ዘይት በየአርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀየራል" ይላል። ያለ እሱ ፊርማ ከስቶር አንድ ሊትር ዘይት አይወጣም። መካኒኳ ለሰባት ቁጥር ሦስት ጊዜ ዘይት ጠይቃለች። ሦስቱም ጊዜ ወረቀቱ "ኪሎ ሜትሩ አልደረሰም" ተብሎ በቀይ ተጽፎበት ተመለሰላት። ሦስቱንም በኪሷ አስቀምጣቸዋለች።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት አጎቷን ጋራዡ ውስጥ፣ መኪና ሥር ገብተው የሚሠሩበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

"ነገ ምን ልትላቸው ነው ጋሼ?"

"እውነቱን ነዋ። እኛ ዘይት በየአምስት ሺህ ነበር የምንቀይረው፣ በዕድሜዬ አንድ ሞተር ነክሶብኝ አያውቅም እላለሁ።"

"እሷን ካልክ አለቀልህ።"

"ምን አጠፋሁ?"

"አምስት ሺህ የድሮ መኪና ነዋ። አሁን ሞተሩም ሌላ ነው፣ ዘይቱም ሌላ ነው። አገር አቋርጦ የሚሄድ ተሳቢ በአንድ ዘይት አርባ ሺህ ቢሄድ ምንም አይሆንም። እዚያ ላይ ሠንጠረዥ ልክ ነው።"

"ጭራሽ ጠበቃው ሆንሽ?"

"በየአምስት ሺው መቀየር ደህና ዘይት አፈር ላይ መድፋት ነው ጋሼ። አንተና እሱ ጠላት የሆናችሁት በከንቱ ነው፤ ስህተታችሁ አንድ ነው። ሁለታችሁም የምትቆጥሩት ኪሎ ሜትር ነው።"

"ታዲያ ምን ይቆጠር? ጥሩምባ?"

መልሱን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጀርባው ላይ ተሸክሞት ኖሯል። ሚክሰር ኮንክሪት የሞላ ትልቅ በርሜል የሚሸከም መኪና ነው፤ በርሜሉ መዞሩን ካቆመ ኮንክሪቱ ድንጋይ ይሆናል። በርሜሉን የሚያዞረው ደግሞ ያው የመኪናው ሞተር ነው። ስለዚህ ሲጫን ሞተሩ ይሠራል፣ ወረፋ ሲጠብቅ ይሠራል፣ ሕንፃው ሥር ሲገለብጥ ይሠራል። ሹፌሩ ወርዶ ጥላ ሥር ጋዜጣ ሲያነብም ይሠራል። ጎማው ግን አይንቀሳቀስም፤ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውም አብሮት ተኝቷል።

"ነገ አንተ ዝም በል፤ እኔ እናገራለሁ" አለችው።

"ዝም እላለሁ" አለ ጋሼ ቀስ። መካኒኳ አላመነችውም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ስብሰባው ሊጀመር ሲል አራት ቁጥር ሚክሰር ሙሉ ጭነት ይዞ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። የሚገለብጥበት ሕንፃ ስላልተዘጋጀ ጠብቅ ተብሏል። ሹፌሩን "ቀጮ፣ እዚህ መንገድ ዘጋህ፤ ግባና ከስብሰባው መስኮት ሥር አቁም" አለችው።

"እዚያ ከቆምኩ ይሰድቡኛል እኮ።"

"ስድቡን ለኔ ተወው።"

ከዚያ ጋቢናው ላይ ወጥታ ከዳሽቦርዱ ሁለት ቁጥር ወረቀት ላይ ገለበጠች። የበር ጥበቃውን ጠርታ ቁጥሮቹን አሳየችውና ሰዓቱን ጽፎ እንዲፈርምበት አደረገች።

ስብሰባው ተጀመረ። ሰብሳቢዋ የአስተዳደር ኃላፊዋ ናት፤ ጸጥታ የምትወድ፣ እስክሪብቶ ሲወድቅ እንኳ የምትደነግጥ ሴት። ኢንጂነሩ ክሱን ማንበብ ሲጀምር እጇን አነሳች።

"ምንድን ነው ይሄ የሚጮኸው? መስኮቱን ዝጉት።"

ተዘጋ። አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ክፍሉ እንደ ምድጃ ጋለና ተከፈተ። ሰው ተልኮ "ኮንክሪት ጭኗል፣ ሞተሩን ካጠፋው በርሜሉ ውስጥ ይደርቃል" የሚል መልስ ይዞ ተመለሰ። ሰብሳቢዋ ጥርሷን ነክሳ ቀጥሉ አለች። የክሱና የጥገናው መዝገብ ንባብ ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ።

"ሰባት ቁጥር ከመጨረሻው ሰርቪስ ወዲህ የሄደው አሥራ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው" አለ ኢንጂነሩ፣ ሞተሩን ለመብለጥ እየጮኸ። "ዘይቱ የሚያገለግለው አርባ ሺህ ነው። ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ስለዚህ የዘይት ጉዳይ አይደለም፤ የሹፌሩ ነው።"

"እርስዎስ ምን ይላሉ?" ሰብሳቢዋ ወደ ሹፌሩ ዞረች።

ጋሼ ቀስ የእህቱን ልጅ ሰረቅ አድርጎ አያት፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቃሉን በላ። "እኛ በየአምስት ሺው ነበር የምንቀይረው።"

ኢንጂነሩ ፊቱ ፈካ። "ይኸው። ሰውየው በእጅ እየተዘወረ ከሚነሳ መኪና ዘመን አልወጣም። አዲስ መኪና ሰጥተነው በድሮ ጭንቅላት ሲነዳው ምን ይሁን?"

መካኒኳ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ስድብ አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጠችውና ለምስክርነት ተነሳች።

"ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይሄ ከመስኮቱ ሥር ያለው አራት ቁጥር ዛሬ ጠዋት ሥራ ላይ ነው?"

"ቆሟል እኮ።"

"መቆሙን አልጠየቅኩም። ሥራ ላይ ነው?"

"መኪና ሠራ የሚባለው ሲሄድ ነው።"

"እንዴት አልሠራም?" አለች ሰብሳቢዋ፤ ትዕግሥቷ አልቋል። "ሁለት ሰዓት ሙሉ ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ የዋለው ማን ነው ታዲያ?"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጸጥ ያላለው አራት ቁጥር ብቻ ነበር።

"ይህን ቃልዎን ቃለ ጉባኤው ላይ ያስገቡልኝ" አለች መካኒኳ። "አሁን ወርደን እንየው።"

ወረዱ። ሰብሳቢዋ በረጅም ቀሚሷ ጋቢናው ላይ ለመውጣት ተቸገረች፤ ጋሼ ቀስ እንደ ስሙ ቀስ ብሎ እጇን ያዘላት። መካኒኳ ጥበቃው የፈረመበትን ወረቀት ሰጠቻትና ከዳሽቦርዱ ጋር እንድታመሳክር ነገረቻት።

"ኪሎ ሜትሩ ሠላሳ ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ይላል" አለች ሰብሳቢዋ። "ወረቀቱ ላይም ያው ነው።"

"ከሥሩ ያለውስ? የሞተሩ ሰዓት?"

"ወረቀቱ ስድስት ሺህ አንድ መቶ አርባ። እዚህ ደግሞ... አንድ መቶ አርባ ሁለት።"

"በኢንጂነሩ ሠንጠረዥ ይሄ ሞተር ከጠዋት ጀምሮ ተኝቷል። እርስዎ ግን ሰምተውታል። ሰባት ቁጥርን በኮምፒውተር አንብቤዋለሁ፤ በአንድ ዘይት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰዓት ሠርቷል። አርባ ሺህ የሚሄደው ተሳቢ በሰዓት ስልሳ ቢጓዝ ሰባት መቶ ሰዓት አይሞላም። ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ዘይቱ ዘይት መሆኑን ካቆመ ቆይቷል፤ ሞተሩ ሲነክስ ጥፋቱ አጎቴ ላይ ተላከከ።" ሦስቱን ወረቀቶች ከኪሷ አውጥታ አቀበለቻት። "ይኸው ቀዩ ጽሑፍ።"

"የአምራቹ መመሪያ አርባ ሺህ ነው የሚለው" አለ ኢንጂነሩ፤ ድምፁ ግን ማርሽ ቀይሯል።

"ልክ ነው፣ ለተሳቢ። ቀጣዩን ገጽ ይግለጡት።"

መመሪያው በብብቱ ሥር ነበር። ገለጠው፤ ቀጣዩ ገጽ አልገለጥ አለ። ከማተሚያ ቤት ከወጣ ጀምሮ ጠርዙ ተጣብቆ ነበርና በጥፍሩ ማላቀቅ ነበረበት። የግቢው ሰው ሁሉ ያቺን ትንሽ የወረቀት ድምፅ በሞተሩ ጩኸት መሃል የሰማት መሰለው። ሰብሳቢዋ ከእጁ ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበችው፦ ቆመው ለሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ኪሎ ሜትር አይቆጠርም፤ ዘይቱ በየአምስት መቶ የሞተር ሰዓት ይቀየር።

የተማረ ሰው አለማወቁ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ያልገለጠውን ገጽ ይዞ ሰው ለማባረር መቀመጡ ነው። ያን ቀን ይህን ማንም አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገም።

ክሱ እዚያው ተቀደደ። "ለማንኛውም መኪና" የሚለው ሠንጠረዥ ከግድግዳው ወረደ። ሰብሳቢዋ ቀሪዎቹ ዘጠኝ ሚክሰሮች ከሰዓት በኋላ ሰዓታቸው እንዲነበብና ያለፈባቸው ሁሉ ዘይት እንዲቀየርላቸው አዘዘች። ያላለፈበት አንድም አልነበረም። አራት ቁጥርም ጭነቱን ገልብጦ ተመልሶ ተራውን ያዘ። ሹፌሮቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረው ዘይት በርሜል በርሜል ሲወርድ ሠርግ ቤት የገቡ ይመስል ተሳሳቁ።

ለዘጠኙም ከስቶር ማውጫ ያስፈልግ ነበር። ኢንጂነሩ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ፈረመ፤ ወረቀቱ ከሥሩ እንዳይንሸራተት የሚይዝለት ጋሼ ቀስ ነበር።

"ቀስ ብለህ ፈርም የኔ ልጅ" አለው። "አምስት ደርሰናል፣ አራት ይቀራል።"

ዘጠነኛው ሲያልቅ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ጉድጓዱ ውስጥ ላለችው የእህቱ ልጅ ጎንበስ አለ።

"ሰዓት ነው አልሽ አይደል? ገብቶኛል።" ትንሽ አሰበና "ግን በየአምስት ሰዓቱ ብናደርገው ምን ይለዋል?" አላት።

መካኒኳ ፊቷ ላይ የተረጨውን ዘይት በክንዷ ጠርጋ ሳቋን ለቀቀችው፤ ሳቋ ከጉድጓዱ ወጥቶ ግቢውን ሞላው።