የውድነሽ ረጅም እጅጌ

ምሥራች ስትመሰገን ውድነሽን ቅናት ያንገበግባታል። ሰኔ 1996 ነው፤ ትምህርት ሊዘጋ ሳምንት ቀርቶታል። ጉባኤው በስደት አገር፣ ቤልትላይን በሚባል ሰፈር በተከራየው አዳራሽ፣ ሽማግሌው ጋሼ መኳንንት ጋቢ ይዘው ቆመዋል።

«እህታችን ምሥራች ማንም የማይችላቸውን ልጆች ታስተምራለች» አሉ። «ወንበር ይወረውሩባታል፣ ይነክሷታል። እሷ ግን በትዕግሥት ትይዛቸዋለች!» ጋቢውን ደረቡላት። እልልታው ቀለጠ።

ማንም የማይችላቸው! ምሥራች እነዚህ ልጆች የሚማሩበት ክፍል ከገባች ገና ዓመቷ ነው፤ ውድነሽ ግን እዚያው ስድስት ዓመት ደፍናለች። ኬሊ የምትባለው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጠረጴዛ ስትገለብጥ መጮህ እንደማያዋጣ፣ ወለሉ ላይ ከጎኗ ቁጭ ብሎ ትንፋሿ እስኪረጋ መጠበቅ እንደሚሻል ለምሥራች ያሳየቻት ማን ሆነና ነው?

ታዲያ ጋቢው ለምን ወደ እሷ አልመጣም? መልሱን ራሷ ታውቀዋለች፤ ቅናቷን ያመረረውም ይኸው ነው። ለጉባኤው «ትምህርት ቤት፣ ቢሮ ነው የምሠራው» ብላለች። አዲስ አበባ አሥር ዓመት ያስተማረች ሴት፣ ሕፃን ነከሰኝ ጸልዩልኝ ትበል? ሞት ይሻላታል! ጠባሳዋን በረጅም እጅጌ ሸፈነች፤ በሐምሌ ሙቀት እንኳ አልሰበሰበችውም። ምሥራች ሥራ የጀመረች ዕለትም ኮሪደር ላይ ይዛ፣ «ቸርች ውስጥ ስለ እኔ ትንፍሽ እንዳትዪ» ብላ ቃል አስገባቻት። ምሥራች ቃሏን ጠበቀች። ስለ ራሷ ግን በየእሑዱ እየተነሳች «ዛሬም ተመትቻለሁ፣ ጸልዩልኝ» ትላለች። ጉባኤው የሰማውን ነው የሚያመሰግነው፤ ያልሰማውን ከየት ያምጣ?

«ሥራዋን በዓይኑ ያየ ይመስክር!» አሉ ጋሼ መኳንንት።

ምሥራች ውድነሽን አየት አደረገቻትና አንገቷን ደፋች፤ አሁንም አትናገርም። ይህ ታማኝነቷ ውድነሽን ይበልጥ አበገናት። ተነሳች።

«እኔ አይቻለሁ።»

«አንቺ? አንቺ ቢሮ አይደለሽም እንዴ?»

«አይደለሁም ጋሼ። ዋሽቻችኋለሁ።» እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበችው። «ይኼ የኬሊ ጥርስ ነው። ይኼኛው ከእሷ በፊት የነበረችው ልጅ ነው። ምሥራች ጎበዝ ናት፣ አልክድም። ግን ሥራውን ያስለመድኳት እኔ ነኝ!»

«ወይ ጌታ ሆይ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ምሥራች እንባዋን እየጠረገች መጣችና ጋቢውን ከትከሻዋ አውልቃ ልትደርብላት ዘረጋችው። ውድነሽ በእጇ መለሰችው።

«ያንቺን አልፈልግም፣ እህቴ። የራሴን ነው የምፈልገው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሷ አልሳቀችም። ጋሼ መኳንንት መነጽራቸውን ሰክተው የምእመናኑ ስምና ሥራ የተጻፈበትን ደብተር ገለጡ።

«እንግዲህ፣ ሥራሽን ምን ልበለው?»

«ቢሮ የሚለውን ይሰርዙት» አለች ውድነሽ፣ እጅጌዋን ሳትመልስ። «አስተማሪ ይበሉ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ እስኪያልፍ ድረስ ቆማ ጠበቀች።