ሁለቴ የፈላ

በከተማችን ባሉት ሰባት የሕዝብ ቧንቧዎች ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ውሃውን አሥራ አምስት ደቂቃ ሳያፈሉ አይጠጡ!» ይላል፣ ከነቃለ አጋኖው። በፕላስቲክ ላሚኔት ያደረግኩትም እኔ፣ በጫማ ሰፊ ማስቲሽ የለጠፍኩትም እኔ። ዝናብ እንዳያነሳው፣ ልጅ እንዳይልጠው፣ ምቀኛ እንዳይቀደው ብዬ። ሥራ ከሠራሁ እንዲህ ነው የምሠራው።

ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። አምና ግማሹ ሰፈር በተቅማጥ ሲወድቅ ውሃ ጽሕፈት ቤቱ ውሃ እንደያዘ አፍ ዝም አለ። ያኔ አንድ የጤና መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ሊደረግ እኔ ሱቅ መጣ። እኔ ደግሞ ኮፒ የማደርገውን ሁሉ አነባለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ቢቋረጥም በዚያች አሮጌ ማሽን በኩል ያላለፈ እውቀት የለም፦ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የመሬት መመሪያ፣ የነርሶች ሞጁል፣ የአንዱ ጎረምሳ መመረቂያ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ (ሦስት ጊዜ ስለተመለሰበት)። ሰፈሩ «ፕሮፌሰሯ» ይለኛል። ለስድብ ነበር ያወጡልኝ፤ እኔ ለሹመት ተቀበልኩት።

መጽሐፉ «ውሃው ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይ» ነበር የሚለው። አንድ ደቂቃማ ለሰነፍ ነው አልኩና አሥራ አምስት አደረግኩት። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ የራሴ ፈጠራ ናት።

ተቅማጡ ጠፋ። ከዚያ በኋላ እኔን ማን ችሎኝ! መንገድ ላይ ስሄድ እንኳ አረማመዴ የሚኒስትር ሆነ።

ከዚያ እህቴ ወለደች። ታላቄ ናት፤ እናታችን ስታልፍ እኔን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኘው እንደ እንግዳ ነው። ልጁ ሲወለድ ግንባሩ ተጨማዶ፣ የተጣላ ሊያስታርቅ የመጣ ስለመሰለ «ሽማግሌው» አልነው። ጡቷ ግን በሁለተኛው ሳምንት ደረቀ፤ ምን ብትታገል እምቢ አለ። ሽማግሌው በጡጦና በዱቄት ወተት ላይ ወደቀ።

ውሃውን ማፍላት የኔ ድርሻ ሆነ። ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት ድስቱን ቡታጋዝ ላይ እጥዳለሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ በሰዓት ቆጥሬ አወርዳለሁ፣ አቀዘቅዛለሁ፣ ደግሜ እጥዳለሁ። ለሌላው ሰው አንዴ ይበቃዋል፤ የኔ ሽማግሌ ግን ሁለቴ የፈላ ነው የሚጠጣው። ሙሉ የጣድኩት ግማሽ ሆኖ ይወርዳል።

«ኧረ ውሃው አለቀ! ልጁን እንፋሎት ልታጠጪው ነው?» ትለኛለች እህቴ።

«እትዬ፣ አንቺ ውለጂ፤ ሳይንሱን ለኔ ተይው።»

ከድስቱ ሥር ነጭ ቅርፊት ይቀራል። በጥፍሬ ፍቄ አሳያታለሁ፦ «ይኸውልሽ፣ ቆሻሻው እዚህ ቀረ።» ትስቃለች። ታምነኛለች። እኔ ያልኩት ለእሷ የታተመ ነው።

ሽማግሌው ሁለት ወር ሲሞላው ከንፈሩ ጠቆረ። የቀለም ብዕር ሲጠባ ያደረ ይመስል ነበር። ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው። እህቴ «በርዶት ነው» ብላ በሁለት ብርድ ልብስ ጠቀለለችው። በማግስቱ ጥፍሮቹም ከንፈሩን መሰሉ፤ ጡጦውን ሳይጨርስ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ሲስተሯ ደረቱን አዳመጠች፣ አገላበጠችው፣ «ልቡ ሊሆን ይችላል፤ ዶክተሩ ዓርብ ሲመጣ ይየው» አለች። ከዚያ ካርዱ ላይ እየጻፈች፣

«ውሃ አፍልታችሁ ነው የምትሰጡት?»

«ሁለቴ!» አልኩ፣ እህቴን ቀድሜ።

«ጎበዝ» አለችኝ። «በርቺ።»

በረታሁ። በዚያ ሳምንት ሦስተኛ ማፍላት ልጨምር አስቤ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ማኅተም ሱቅ ገባ። የውሃ ጽሕፈት ቤቱ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ማኅተም ያላረፈበትን ነገር ሁሉ «ወሬ» ስለሚል ነው ስሙ የወጣለት፤ የገዛ ልደቱን እንኳ ማኅተም ካላየ አያምንም ይባላል።

«ሦስት ኮፒ። ፊትሽን ደግሞ ወደ ግድግዳ» አለኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ለማሽኑ ይንገሩት፤ የሚያነበው እሱ ነው።»

ወረቀቱ ከትልቁ ከተማ ላቦራቶሪ የመጣ የውሃ ምርመራ ውጤት ነበር። ከላይ እስከ ታች ስምና ቁጥር። አንዱ መስመር በቀይ ተሰምሮበታል፦ ናይትሬት፣ የተፈቀደው ሃምሳ፣ የተገኘው መቶ አሥራ ሁለት። ቀኑን አየሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ የዛሬ አራት ወር የወጣ ነው እኮ!»

«ኃላፊው ስልጠና ላይ ናቸዋ። ማኅተም እየጠበቀ ነው።»

ናይትሬት የሚለውን ቃል አንድ ቦታ አይቼዋለሁ። ጋሽ ማኅተም እንደወጣ የተበላሹ ኮፒዎችን የማጠራቅምበትን ካርቶን ገለበጥኩት። ከነርሶቹ ሞጁል ውስጥ ቶነር ሲያልቅብኝ ግማሹ ነጥቶ የወጣ ገጽ አገኘሁ። ሁሉን አነባለሁ ባይዋ፣ ደብዛዛ ናት ብዬ ያለፍኳት ገጽ። መስኮቱ ጋ ወስጄ በብርሃን አነበብኳት።

ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት አደገኛ ነው፣ ይላል። ደማቸው አየር እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል። ቀጥሎ ያለውን ሦስቴ ነው ያነበብኩት፦ «ውሃውን ማፍላት ናይትሬትን አያስወግድም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር መጠኑ እየጨመረ ይሄዳል።»

ሙሉ ድስት፣ ግማሽ ሆኖ የሚወርድ። ሁለቴ።

ሱቁን ሳልዘጋ ሮጥኩ። እህቴ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ጡጦውን እየበጠበጠች ነበር።

«ጣይው!»

«ምን ሆንሽ? አሁን ያፈላሽው እኮ ነው።»

ከእጇ ነጠቅኳት። ሽማግሌው ዓይኑን እንኳ አልገለጠም።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሲስተሯ ወረቀቴን አንዴ፣ ልጁን አንዴ አየች። «ከየት አመጣሽው?» አላለችም። ከተረከዙ ደም ወሰደች፤ ደሙ ቀይ አልነበረም፤ ቸኮሌት የሟሟበት ውሃ ይመስላል። ከዚያ ስልክ አነሳች፦ መድኃኒቱ ትልቁ ሆስፒታል ነው ያለው፣ አምቡላንስ ይምጣ።

አምቡላንሱ የሚወስደው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው ተባለ። እህቴ ልጇን ታቅፋ ገባች። በሩ ሳይዘጋ፣

«ውሃው ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ያ ያፈላሽው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። እህቴ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ፤ እኔ ለቁጣ መልስ አጥቼ አላውቅም። ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አስተካከለችለት። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ በቀጥታ ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጋሽ ማኅተም ሦስቱን ኮፒዎች ሦስት ፋይል ውስጥ እያስገባ ነበር። ያለኝን ሁሉ ለቀቅኩበት፤ ከእሱ ጀምሬ እስከ ወንበሩ ድረስ የቀረኝ ስድብ አልነበረም። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም! ለሕዝቡ ለምን አይነገርም?»

«እሺ፣ ተነገረ እንበል። ቀጥሎ ምን እንጠጣ ይላሉ። አንቺ ሌላ ጉድጓድ አለሽ? እኔ የለኝም። ያለን አንድ ነው፤ ከላይ ያለው እርሻ ደግሞ ማዳበሪያውን ነገም ይበትናል።» መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ አርጅቷል። «እኔም የልጅ ልጅ አለችኝ፣ ልጄ። የአምስት ወር።»

«ምን ትጠጣለች?»

«የፈላ» አለ። «ባንቺ ማስታወቂያ መሠረት።»

በማግስቱ ከሰዓት ቢላዋ ይዤ ገበያው ጋ ወዳለው ቧንቧ ወጣሁ። ጀሪካን ተሰልፏል። ሰልፉ መሐል ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አለች፤ ምላሷ ከመቀሷ ይበልጣል።

«ፕሮፌሰሯ! ደግሞ ምን አስተካክይ ተብለሽ ነው?»

«ማስታወቂያው ተሳስቷል።»

«ማስታወቂያው ወይስ አንቺ?»

«እኔ» አልኩ። ሰልፉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ይህን ቃል ከኔ አፍ ሰምተውት አያውቁም። «ውሃው ውስጥ ሲፈላ የሚብስ ነገር አለ። ለሕፃን አደገኛ ነው።»

«አናፍላ ነው የምትይን?»

«አይ፣ ለትልቅ ሰው አፍሉ። አንድ ደቂቃ ይበቃል። ካላፈላችሁ ተቅማጡ ይመለሳል። ለሕፃን ግን ቢፈላም ባይፈላም ከዚህ አትስጡ።»

«ታዲያ ከየት እንስጥ?»

ወደ ማስታወቂያው ዞርኩ።

«ትናንት አፍሉ፣ ዛሬ አታፍሉ!» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ወደ ሰልፉ ዞራ። «ነገ ደግሞ አኝካችሁ ዋጡት በይን!» ሳቁ። እኔ ብሆንም እስቅ ነበር፤ ጥሩ ቀልድ ናት። ከኋላ ያለች አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ግን አልሳቀችም። የኔን አፍ ነበር የምታየው። የጀርባዋን ሸክም ወዝወዝ እያደረገች ተራዋን ጠበቀች፣ ጀሪካኗን ሞላች፣ አፌን ደግማ አየችው፣ ሄደች። ምን ታድርግ? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ቢላዋውን ከማስታወቂያው ሥር አስገባሁ። አልነቃነቅ አለ። እኔ የለጠፍኩት ነዋ! ዝናብ እንዳያነሳው፣ ምቀኛ እንዳይቀደው ተብሎ። በጉልበት ስፍቅ ከፕላስቲኩ አንድ የጥፍር ያህል ቁራጭ ከነቀለሙ ተቆርሶ ወደቀ። የወደቀችው አንዲት ፊደል ናት፣ «አ»። የቀረው ይነበባል፦ «ውሃውን አሥራ አምስት ደቂቃ ሳያፈሉ ይጠጡ!»

ቆሜ አየሁት። ከነ«አ»ው ሕፃኑን ይገድላል፣ ያለ«አ»ው ሰፈሩን ያሳምማል። የትኛውን ልተው? ቁራጯን ከጭቃው አንስቼ በምራቄ ቦታዋ ልመልሳት ሞከርኩ። አልያዘችም።

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«ነጣ!» አለችኝ። «ማለቴ ቀላ! ከንፈሩ ቀላ! መድኃኒቱ ሰማያዊ ነው፣ ሽንቱ ምን እንደመሰለ ብነግርሽ አታምኚም። ስሚው፣ ስሚው እንዴት እንደሚጮህ!»

ሰማሁት። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ለመጮህ አቅም አልነበረውማ።

«እሑድ ትወጣላችሁ ብለውኛል» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዶክተሩ ያንን ውሃ እንዳትሰጪው አለኝ። ምን ልስጠው ስለው፣ የታሸገ አለኝ።»

«መናኸሪያው ሱቅ የነበረውን ስድስት ጠርሙስ ገዝቻለሁ።»

«ስድስቱ ሲያልቅስ?»

ቧንቧው ሥር የሆነ ሰው ጀሪካን አስገባ፤ ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል። ጥርት ያለ ነው። እንደ ብርጭቆ።

«አንቺ እኮ ሁሉን ታውቂያለሽ» አለች እህቴ። አሽሙር አልነበረም፤ እህቴ አሽሙር አታውቅም። «ምን ላጠጣው? ያልሽኝን አደርጋለሁ።»

«አ» ጣቴ ላይ ተለጥፋ ነበር።

«ሄሎ? አለሽ?»

«አለሁ፣ እትዬ» አልኳት። «አለሁ።»