ያልተጣደው ድስት

«እጀ ወርቅ» የሚል ስም ያወጡለት ሥራ አስኪያጁ ናቸው። አይ ወርቅ!

ሰውየው ሽሪምፕ የምትባለው ትንሽ ባለቅርፊት የባሕር እንስሳ የምትረባበት ግቢ መኖ ቀላቃይ ነው። ከአጥማጆች የሚመጣውን የዛጎል ሥጋና የሽሪምፕ ጭንቅላት ይፈጫል፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ይቀቅላል፣ ከዱቄቱ ጋር ያሸዋል። የሚቀቀለው ለጣዕም ሳይሆን በሽታ እንዳይገባ ነው፤ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አንድ ጠዋት ታዲያ ጋዝ አለቀና «ለአንድ ቀን ምን ይመጣል?» ብሎ ጥሬውን ቀላቀለው። ሽሪምፕ ደግሞ ጥሬ ከሸተተው አይጣል ነው! መብላታቸውን ለማየት ኩሬው ውስጥ የሚወርደው ትሪ ተልሶ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ትሪውን አገላብጠው አይተው «ያንተስ እጅ ወርቅ ነው!» አሉ። ጋዙ በማግስቱ መጣ። እሱ ግን ድስቱን አልጣደም። ሙገሳ ጣፍጣዋለቻ፣ ምን ይደረግ!

በሁለተኛው ሳምንት የሽሪምፖቹ ቅርፊት ነጭ ነጥብ አወጣ። አራት ኩሬ ሙሉ አለቀ።

ጥፋቱ የተላከከው በውሃ ጠባቂው ላይ ነው። የጎረቤት እርባታ ቆሻሻ ውሃ ሲለቅ የቦዩን በር መዝጋት የሳቸው ሥራ ነውና «ረስተው ክፍት ትተውት በሽታው በዚያ ገባ» ተባለ። በሩን ሲዘጉ ግን መኖ ቀላቃዩ በዓይኑ አይቷቸዋል። ደግሞም ባዳ አይደሉም፤ የታላቅ እህቱ ባል ናቸው፣ እዚህ ሥራ ያስገቡትም እሳቸው። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ማለት ይኼ ነው።

ቢቆጡ፣ ቢሳደቡ ምንኛ በተሻለው! እሁድ እህቱ ቤት ምሳ ሲበሉ ውሃ ጠባቂው ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«እኔ እኮ የዘጋሁት ይመስለኛል» አሉ። «ግን እንጃ፤ ሰሞኑን ምድጃ ማጥፋቴን እንኳ ሦስቴ እየተመለስኩ ነው የማየው። ጭንቅላቴን ማመን አቃተኝ።»

«አይዞህ፣ ዕድሜ ነው» አለች እህቱ፣ እንደ ሕፃን እያባበለች። የቤቱን ቁልፍ ይጥሉታል ብላ ወስዳባቸዋለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሱ እውነት ግን ሆዱ ውስጥ እያደር ጎመዘዘ። አንድ ቃል ቢተነፍስ ሰውየው ይድናሉ፣ እሱ ይባረራል። አፉን በዳቦ ሞላው። በራሱ አፈረ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ቢሮ ጠሯቸው፤ ውሃ ጠባቂው ስንብታቸውን ሊፈርሙ፣ እሱ ምስክር ሊሆን። ሰውየው እስክርቢቶውን ይዘው ወደ እሱ ዞር አሉ።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ የኔ ልጅ? እንዳልሳሳት ብዬ ነው።»

ከዚህ በላይ አልቻለም። «ጋሼ፣ አይፈርሙ! ጥሬ መኖ ያበላሁት እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት ድስት አልጣድኩም።»

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን ደበደቡት። «ከዚህ ቅጥር ግቢ ውጣልኝ! አሁኑኑ!»

ጋሼ ጩኸቱን የሰሙም አልመሰሉ። «ቆይ እስቲ… በሩን ዘግቼው ነበር ማለት ነው?»

«ዘግተውት ነበር። ሲዘጉ አይቻለሁ።»

«አይተሃል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። እስክርቢቶውን ከደኑና ተነሡ።

«በል ቅደም፣ ወደ ቤት እንሂድ» አሉት። «ቁልፉን መልሺለት በላት። ለምን እንደሆነም አንተው ትነግራታለህ።»