ሳንግሪያና ሳንጋ

ውብአለም በስደት በምትኖርበት ከተማ ዳንዳስ ጎዳና ላይ ባለ የስፔን ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ብርቱካንና ፖም ስትከትፍ ኖራለች። ፍሬው ወይን ጠጅ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሳንግሪያ የሚሉት መጠጥ ይሆናል። ጴንጤ ናትና አንድም ቀን ቀምሳው አታውቅም። ምኞቷ ቢላዋውን አስቀምጣ አስተናጋጅ መሆን ብቻ ነበር፤ ሰው ፊት መቆም፣ ሰው ማናገር ናፍቋታል።

አሠሪዋ ስፔናዊት ደግ ሴት ናት፤ በአንድ ነገር ግን ድርቅ ትላለች። ሳንግሪያ ምን ማለት እንደሆነ ለእንግዳ ማስረዳት ያልቻለ ከጓዳ አይወጣም። ባለፈው ወር ውብአለም እንግዶች ፊት ተፈተነች። ስፔን የበሬ ፍልሚያ አገር አይደል? ሳንግሪያስ ከሳንጋ ሌላ ከምን ሊመጣ ነው? በሙሉ ልብ "ስሙ ከበሬ የመጣ ነው" አለች። እንግዳው ሁሉ በሳቅ አውካካ። ከሳንጋ ጋር ማምታታቷ የገባው የአገሯ ልጅ ወጥ ቤቱ ኢሳያስ ብቻ ነበር፤ እሱም ሳንጋዬ እያለ ሲጠራት ከረመ። እቤቷ ገብታ አለቀሰች።

ሐሙስ ዕለት የሜክሲኮው ሳህን አጣቢ ጣቱን ብርጭቆ ቆረጠውና "ሳንግሬ፣ ሳንግሬ" እያለ ደሙን አሳያት። ጣቱን እያሰረችለት ቆም አለች። ሳንግሬ ደም ከሆነ ሳንግሪያስ? ጠየቀችው። እንግሊዝኛ ቢያጥረው ክንዱን ገልጦ በጥፍሩ የሚበጣ አስመሰለ፤ ከታች መዳፉን እንደ ሳህን ዘረጋ። ድሮ ለታመመ ሰው ደም ሲያወጡለት ማለቱ ነው። ይህንንማ ታውቀዋለች። አባቷ ሶዶ ከተማ ውስጥ በቀንድ ዋግምት የሚያግሙ ሰው ነበሩ።

ቅዳሜ እንደገና ፈትኚኝ አለቻት። አሠሪዋ አራት እንግዶች የተቀመጡበትን ጠረጴዛ አሳየቻት።

"ውቤ፣ ሪላክስ አድርጊ" አላት ኢሳያስ። "ብቻ ዛሬ ደግሞ በግ ነው እንዳትዪ።"

እንግዶቹ ሳንግሪያው ይጣፍጥ እንደሆነ ጠየቋት።

"አልጠጣም፤ ስሙን ግን አውቀዋለሁ" አለች። "ከደም የመጣ ስም ነው። ድሮ ሐኪም የበሽተኛ ክንድ በጥቶ ደም ሲያፈስ ሳንግሪያ ይባል ነበር። እኛ አገር ዋግምት የሚባል አለ፤ የአባቴ ሥራ ነበር።"

ማንም አልሳቀም። ስልካቸውን አስቀምጠው ስለ አባቷ ይጠይቋት ጀመር፤ እሷም ሳትቸኩል መለሰችላቸው። ደስታው ደረቷን ሞላው። ሁለት ጆግ አዘዙ፤ አሠሪዋ ራሷ ይዛ መጣችና ውብአለም አስተናጋጃችን ናት ብላ አስተዋወቀቻት።

አንደኛው እንግዳ የእሷስ ስም ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ።

"ውብ ዓለም ማለት ነው" አለች፤ በዚያች ሰዓት ስሟ አንዳች ውሸት አልነበረበትም።