«እባክዎ» ያለው መልእክት

«የቱን ፋይል?» አለ ዳይሬክተሩ፣ እጁ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ።

«ጠዋት በኢሜል የጠየቁኝን ነዋ» አለች እትዬ ፋይል። «የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስም፣ ሴክሽን፣ የወላጅ ስልክ፣ ምናምን። ልኬልዎታለሁ እኮ።»

«አንቺ፣ እኔ ጠዋቱን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ኢሜል የሚባል ነገር አልነካሁም።»

ይሄን ብሏት ወደ ቢሮው ገባ፣ ስልክ እየጠራበት ነበር። እሷ ኮሪደሩ ላይ ቀረች።

እትዬ ፋይል እንግዲህ ስሟ አይደለም፣ መምህራኑ ያወጡላት ነው። ሪከርድ ክፍል ነው የምትሰራው። ድሮ የተመረቀ ሰው መጥቶ «ማስረጃዬ ጠፋብኝ» ቢላት፣ ከወንበሯ ሳትነሳ የትኛው መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ትነግረዋለች። ከእጇ ወረቀት ወጥቶ ጠፍቶ አያውቅም።

ወደ ክፍሏ ተመልሳ መልእክቱን እንደገና ከፈተችው። አብሯት የሚቀመጠው ገንዘብ ያዥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከትከሻዋ በላይ ማንበብ ጀመረ።

«ጤና ይስጥልኝ። እባክዎ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሙሉ መረጃ ቢልኩልኝ። ስለ ትብብርዎ ከልብ አመሰግናለሁ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር።»

«እትዬ፣ የእውነትሽን ነው?» አለ ገንዘብ ያዡ። «ይሄ ሰውዬ ‹እባክዎ› ሲል ሰምተሽው ታውቂያለሽ?»

«አልሰማሁም።»

«‹አንቺ፣ ፋይል› ነው የሚለው። በቃ፣ ሁለት ቃል። ‹ከልብ አመሰግናለሁ› የሚል ዳይሬክተር ቢኖረን እኮ እኔ ራሴ ደመወዜን በፈቃዴ አስቀንስ ነበር።»

እሷ አልሳቀችም። ነገሩ እሱ ራሱ ነበራ። ዳይሬክተሩ በዕድሜ ታናሿ ነው፣ ከመጣ ጀምሮ አንቺ እንዳላት ነው፣ እሷም ለምዳው ነበር። ታዲያ ጠዋት ያንን «እባክዎ» ስታነብ ደረቷ ሞቅ አላት። ለካ ሰው በአፉ ባያከብር በጽሑፍ ያከብራል አለችና፣ ሐሳቡን እንዳይቀይር የፈራች ይመስል ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ ላከችው።

የሚያንገበግበው ደግሞ ባለፈው ሳምንት የኮምፒውተር ባለሙያ መጥቶ የአስተዳደር ሰራተኛውን በሙሉ ሰብስቦ አስተምሯል። «ስሙን አትመኑ» ብሏል። «ስሙን ተጫኑትና ከስሩ ያለውን አድራሻ አንብቡ። ካጠራጠራችሁ ደውሉ፣ መደወል ነውር አይደለም።» ከሁሉ ቀድማ የሰማችው እሷ ናት። የልጇን ስም የነበረውን የይለፍ ቃል ቀየረች። የይለፍ ቃሏን ጽፋ ስክሪኑ ላይ የለጠፈችውን ቁራጭ ወረቀት ቀዳዳ ጣለች። የስፖርት መምህሩ ፍላሹን ሊሰካ ሲመጣ «መጀመሪያ ይመርመር» ብላ መልሳዋለች፣ እስከ ዛሬ አኩርፏታል። በሩን ሁሉ ቆላልፋ ስታበቃ፣ ቁልፉን ጨዋ መስሎ ለመጣ ሰው በመስኮት አቀበለችው።

አሁን ስሙን ተጫነችው። ከስሩ የወጣው አድራሻ ፊደልና ቁጥር የተዘባረቀበት ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር አይተዋወቅም።

«ሌባ ነው» አለ ገንዘብ ያዡ፣ አሁን ቀልዱን ትቶ። «ለወላጆች እየደወለ ‹ልጃችሁ ሆስፒታል ገብቷል፣ ብር ላኩ› ሊል ነው። ቶሎ እናስጠንቅቃቸው።»

ይሄን ሲል ኮምፒውተሩ ጢን አለ። ያው ሰውዬ ነው።

«ስለላኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ስምንተኛ ለ ያለችው አዲሷ ተማሪ የቤት አድራሻዋ ባዶ ነው። እባክዎ እሱን ብቻ ያሟሉልኝ።»

እትዬ ፋይል እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች፣ እሳት የነካት ያህል።

የልጅቷ እናት የመጣችው በመንፈቀ ዓመቱ ነው። ገብታ በሩን ራሷ ዘጋችው። ስትናገር ሻርፗን አንገቷ ላይ እየሳበች ነበር፣ ግን ጠባሳው ሻርፕ የሚሸፍነው ዓይነት አይደለም። «የቤቴን አድራሻ የትም እንዳይጽፉት» አለች። «አባቷ ካገኘን አይምረንም። ከተማ የቀየርነው ለዚሁ ነው። እርስዎ ብቻ ይወቁት። የማላውቀው ቁጥር ከደወለ አላነሳም፣ የትምህርት ቤቱን መስመር ግን መዝግቤዋለሁ።» እትዬ ፋይልም አድራሻውን ባዶ ተወችው። የልጅቷን ስም ግን ምን ታድርገው፣ ተማሪ ያለ ስም አይመዘገብ። ስም፣ ሴክሽን፣ የእናት ስልክ፣ ሁሉም ጠዋት ሄዷል።

ይሄንኑ መልእክት ለስንቱ ትምህርት ቤት ልኮት ይሆን? ሌላው ዝም ብሎት ይሆናል። እሷ መለሰችለት።

«እትዬ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«ሌባ አይደለም» አለች። «አባቷ ነው።»

ሁለተኛውን መልእክት በሞባይሏ ፎቶ አንስታ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሄደች፣ እሱም አነበበው። ታሪኩን ስትነግረው ተነስቶ በሩን ዘጋው። እሱም ፈርቷል፣ ላቡ አገጩ ላይ ደርሷል።

«መልስ አትስጪው» አለ። «ኮምፒውተሩን ዝጊው። ነገ ባለሙያውን አስጠራለሁ።»

«እናትየውስ?»

«እናትየው ከሰማች ነገ ጠዋት ወላጅ በሙሉ በሩ ላይ ነው። የልጆቻችንን መረጃ ለማን ሰጣችሁ ሲሉ ምን ልል ነው? አስቢው እስቲ። የላክሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። እኔ ላትርፍሽ ብል እንኳ አልችልም።»

«እስከ ነገ ልጅቷን ቢወስዳትስ?»

ዳይሬክተሩ እስክሪብቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

ከቢሮው ወጥታ በራሷ ሞባይል ለእናትየው ደወለች። ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች፣ አሁንም አይነሳም። አይነሳማ፣ የማታውቀው ቁጥር ነው። በኮሪደሩ መስኮት ወደ ውጪ ስታይ ከበሩ ማዶ አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች፣ ሰው ውስጧ አለ። ሁልጊዜ የምትቆም መኪና ትሁን አትሁን እትዬ ፋይል አታውቅም። እስከ ዛሬ በር ላይ ማን እንደሚቆም አይታ አታውቅም። የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው።

የስምንተኛ ለን በር አንኳኳች። የሒሳብ መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ዞረ።

«ይቅርታ መምህር፣ አዲሷን ተማሪ ለፋይል እፈልጋታለሁ። ቦርሳዋን ይዛ ትምጣ።»

ልጅቷ ከኋላ ወንበር ተነሳች። ቀጭን ናት፣ ሹራቧ እጇን ይውጠዋል። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ከሄዱ በኋላ ቀስ ብላ «እትዬ፣ ጥፋት አጥፍቼ ነው?» አለች።

«አንቺ አይደለሽም ያጠፋሽው፣ የኔ ልጅ።»

የራሷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ ከመስኮቱ ራቅ አድርጋ። ገንዘብ ያዡን በዓይኗ ጠራችው።

«ማንም ቢመጣ አትሰጣትም። አጎቷ ነኝ ቢልህም፣ ፖሊስ ነኝ ቢልህም።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ስልክ ልደውል።»

«የትምህርት ቤቱ ስልክ እኮ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። እትዬ፣ ቆይ እንጂ፣ ስራሽን ታጪያለሽ። ትንሽ እናስብ።»

እሱ እንዲህ ሲል እሷ ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ግድግዳውን እየነካች ነው የምትሄደው። አንኳኩታ «ይግቡ» እስክትባል አልጠበቀችም። ዳይሬክተሩ ቀና ሲል እጇ ስልኩ ላይ ደርሷል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ቁጥሩን ከራሷ ሞባይል እያየች ተጫነች። አንዱን አሳስታ ከመጀመሪያው ጀመረች። እሱ ተነሳ፣ ስልኩን ሊነጥቃት ይሆን ብላ ጠበቀች፣ ግን ቆሞ ቀረ።

እናትየው ወዲያው አነሳች። «ሄሎ? ትምህርት ቤት ነው? ልጄ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አለች እትዬ ፋይል። «እኔ ቢሮ ተቀምጣለች።»

«እፎይ። ዛሬ የማላውቀው ቁጥር ሲደውል ነው የዋለው፣ ልቤ ሊወጣ ነበር። ታዲያ ለምን ደወሉልኝ?»

ዳይሬክተሩ በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለና በሹክሹክታ «አሟታል በያት» አላት። «መጥታ ትውሰዳት፣ ሌላውን ተይው። አሟታል ብቻ በያት።»

ነገሩ ይሰራ ነበር። እናትየው ትመጣለች፣ ልጇን ይዛ ትሄዳለች። ትሄዳለች፣ በሩ ላይ ማን እንደሚጠብቃት ሳታውቅ።

እትዬ ፋይል ለዳይሬክተሩ ጀርባዋን ሰጠችው፣ መነጋገሪያውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አልታመመችም» አለች። «ፖሊስ ይዘው ይምጡ፣ ብቻዎን እንዳይመጡ። ያለችበትን ለአባቷ የነገርኩት እኔ ነኝ።»