ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። ሁሉንም ነገር በልኩ ነው የምታደርገው፤ የንግግር ባለሙያዋንም ምክር እንደዚያው።

«ልጅዎ በጣቷ ስትጠቁም ቶሎ አይስጧት፤ ትንሽ ይጠብቋትና ቃሉን ትሞክረው» ብላት ነበር ባለሙያዋ። እናት ቤት እስክትደርስ «ትንሽ» የሚለው ተቆርጦ ወድቋል።

የስምንት ዓመት ልጇ የሚነገራትን ሁሉ ትረዳለች። የራሷ ቃል ግን ምላሷ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል፤ ሲወጣም ፊትና ኋላው ተቀያይሮ ነው። የክፍሏ ልጆች ስትጀምር ይስቃሉ፣ ሳትጨርስ ይሄዳሉ። የማትሄደው የጎረቤት ልጅ ብቻ ናት። አንድ ቦታ አልቀመጥ ስለምትል «ቁንጫ» ይሏታል።

ቁንጫ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ስር ትገባለች። እዚያ ሱቅ አላቸው፤ ቁልፍ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ክሩ ያለቀ ማጠንጠኛ ይሸጣል። ልጅቷ ደንበኛ ናት፤ ትጠቁማለች።

«ይሄኛው ተሽጧል እመቤቴ! ባልዎ ትናንት ጠቅልለው ወሰዱት!»

ልጅቷ በሳቅ ትንፈራፈራለች። «ያ... ትልቅ... እኔ።»

«ትልቁን? አይ የሀብታም ነገር! እንኩ።»

እናት ከላይ እየሰፋች ትሰማለች። ሳቁ ደስ ይላታል፤ የልጇ ጣት ግን ያሳስባታል። በጥቆማ እየተግባቡ ቃሉ መቼ ሊመጣ ነው?

አንድ ቀን ቁንጫን በር ላይ አስቆመቻት።

«የኔ ቆንጆ፣ ቃሉን በትክክል ካላለች ምንም እንዳትሰጫት። ቢገባሽም አልገባኝም በያት።»

«ብታለቅስስ እትዬ?»

«ብታለቅስም። ለራሷ ነው።»

ቁንጫ የታዘዘችውን አደረገች። ልጅቷ ወደ ቀዩ ቁልፍ ጠቆመች።

«ምንድን ነው እሱ? አልገባኝም።»

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ ቀጥሎ የሚመጣውንም ጠበቀች።

«አልገባኝም» አለች ቁንጫ፣ ድምፅዋ እየቀጠነ።

ሳቁ ቆመ። እናትም ፔዳሉን አቁማ ጆሮዋን ጣል አደረገች። በመጨረሻ ከጠረጴዛው ስር «ቁልፍ» የሚል ቃል ጥርት ብሎ ወጣ። እናት አጨበጨበች። ቁንጫ ቁልፉን ዘረጋችላት፤ ልጅቷ ግን ሳትቀበላት በእንብርክኳ ወጣች።

በማግስቱ ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ጠበቀቻት።

«እሺ ዛሬ አንቺ ሽጪ፣ እኔ ልግዛ» አለች ቁንጫ። ልጅቷ ከግድግዳው አልዞረችም። «እትዬ ናቸው እኮ በይ ያሉኝ!»

ልጅቷ ዞር ብላ እናቷን አየቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት።

ባለሙያዋ ነገሩን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለጓደኛዋም ይህን ነገሯት? ልጅዎ ከእሷ ጋር የምትጫወተው ስለምትረዳት ነበር እኮ።»

ልብስ ሰፊዋ ከዚያ በቀጥታ ቁንጫን ፍለጋ ሄደች። ከሌሎች ልጆች ጋር ገመድ ስትዘል አገኘቻት።

«ነይ የኔ ልጅ፣ እንደ ድሮው ተጫወቱ። ያልኩሽን ተይው።»

«መጥቼ ነበር እትዬ። ስታየኝ አፏን በእጇ ትይዛለች።» ተራዋ ደርሶ ሮጠች።

እናት ቤት ገብታ መብራት አበራች። ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ፣ ወገቧን ይዛ ከጠረጴዛው ስር ገባች። ልጅቷ ከጥግ ተቀምጣለች። እናት ቁልፎቹን አንድ በአንድ ደረደረች፤ ቀዩን ወደ ልጇ አስጠጋችው።

«የትኛውን ልስጥዎ እመቤቴ? ጠቁሚኝ ብቻ። መናገር የለብሽም።»

ልጅቷ ቁልፎቹን አየች። ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ከጭኖቿ ስር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።